የመንግሥት ርዳታ ለእርሻ፤ ለማን ይደርሳል?

መንግሥት ለገበሬ ገንዘብ ሲሰጥ ሦስት ነገር ሊመረመር ይገባል። ይኸውም ገንዘቡ በምን ስፍር እንደ ተመደበ፥ በማን እጅ እንደሚያልፍ፥ የተበደለ ሰው አቤት ቢል የሚሰማው ማን እንደ ሆነ ነው። ይህን ለማስረዳት በአሜሪካ አገር በአርካንሶ ግዛት የሆነው ነገር መልካም ምሳሌ ይሆናል። ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በ1932 ዓ.ም. በገበያ ጥጥ ስለ በዛ ዋጋው ረክሶ አንዱ ፓውንድ ከ7 ሳንቲም በታች ይሸጥ ነበር። ስለዚህ በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዘመን በ1933 ዓ.ም. ሕግ ወጣ፤ ገበሬ ከማሳው ከፊሉን ጦም ቢያሳድር መንግሥት ካሣ እንዲከፍለው ታዘዘ። በዚያው ዓመት ጥጡ አስቀድሞ በቅሎ ስለ ነበር 10 ሚሊዮን ኤክር ያህል ተገለበጠ። ይህም ጋሻው 40 ሄክታር ነው ቢባል 100 ሺህ ጋሻ ያህል መሆኑ ነው። የጥጥም ዋጋ ወደ 10 ሳንቲም ከፍ አለ። በዚህ በኩል ሕጉ ያሰበውን አገኘ።

ነገር ግን በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች መሬቱ የባለርስት ሲሆን የሚያርሰው ብዙውን ጊዜ የእኩል አራሽ ነበር። የእኩል አራሽ መሬትም በቅሎም ማረሻም ስለሌለው ሁሉን ከባለርስቱ ተቀብሎ ያርሳል፤ ከምርቱም ግማሹን ይሰጣል። ስንቁን በዱቤ ስለሚወስድ ዕዳ አይለቀውም።

በ1934 ዓ.ም. በተጻፈው ውል ጦም ላደረው መሬት በፓውንድ 3 ሳንቲም ተኩል ኪራይ፥ ደግሞም 1 ሳንቲም የዋጋ ማሟያ ተመደበ። ኪራዩ ለባለርስቱ ብቻ ሆነ፤ ማሟያው ግን ለሁለት ተከፈለ። እንግዲህ ለባለርስቱ 4 ሳንቲም፥ ላቡን ላፈሰሰው ግማሽ ሳንቲም ደረሰ ማለት ነው። ያችም ግማሽ ሳንቲም በባለርስቱ እጅ ስለምታልፍ ብዙ ጊዜ በዕዳ ተያዘች። በልጅ አመካኝቶ ይበላል አንጉቶ እንዲሉ ሆነ።

ከዚህም የከፋ ነገር መጣ። መሬቱ ጦም ሲያድር የአራሹ ጉልበት አልተፈለገምና ብዙ ቤተሰብ ከጎጆው ተባረረ። ውሉ ባለርስቱ በተቻለው መጠን የጭሰኞቹን ቍጥር እንዳይቀንስ ያዝዝ ነበር፤ ዳሩ ግን «በተቻለው መጠን» የሚለው ቃል ለማባረር በር ከፈተ። አቤቱታውን የሚመረምሩት የወረዳ ኮሚቴዎች ደግሞ በባለርስቶች የተሞሉ ስለ ነበሩ ተከሳሹ ራሱ ዳኛ ሆነ።

በ1934 ዓ.ም. በፖይንሴት ወረዳ በታይሮንዛ መንደር አጠገብ 11 ነጮችና 7 ጥቁሮች በአንዲት ትምህርት ቤት ተሰብስበው የደቡብ ጭሰኛ ገበሬዎችን ማኅበር አቆሙ። በዚያ ዘመን ነጭና ጥቁር በአንድነት መቀመጣቸው ራሱ አደገኛ ነበር፤ ከማኅበርተኞቹም የተደበደቡና የታሰሩ አሉ። በ1935 ዓ.ም. በዋሽንግተን የነበሩ የመንግሥት የሕግ ሊቃውንት ውሉ ጭሰኛውን እንዳይባረር ይጠብቀዋል ብለው ቢተረጕሙት ትርጓሜያቸው ተሻረ፤ እነርሱም ከሥራቸው ወጡ። በ1936 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን አፈረሰው፤ ያፈረሰው ግን ስለ ጭሰኛው በደል ሳይሆን ስለ መንግሥቱ ሥልጣን ወሰን ነበር። በ1937 ዓ.ም. ጭሰኛ መሬት የሚገዛበትን ብድር የሚሰጥ ሌላ ሕግ ወጣ፤ ብድሩም የደረሰው ለጥቂቶች ነው።

ከዚህ የምንማረው፥ ርዳታ በመሬት ስፋት ከተሰፈረ ሰፊ መሬት ላለው እንደሚበዛ ነው። ስፍሩን የሚያወጣ ሰው ክፉ ባይሆንም ስፍሩ ራሱ ያዳላል። ስለዚህ ሕግ ሲጻፍ መሬት የሌለውን አራሽ በስሙ ጠርቶ ድርሻውን በገዛ እጁ ማስጨበጥ ያስፈልጋል።

መምህሩ ተማሪዎቹን እንዲህ ብሎ ይጠይቃቸው። 1ኛ፥ ዋጋው ከፍ ካለ በኋላ አራሹ ስለ ምን ተቸገረ? 2ኛ፥ በኮሚቴው ውስጥ ማን ሊቀመጥ ይገባ ነበር? 3ኛ፥ በመንደራችን ርዳታ ቢመጣ ስሙ ከመዝገብ የሚቀር ማን ነው?