የጆሮ ማዳመጫ አመራረጥ፤ በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ለሚኖር ዜማ ወዳድ

የታሪክ አንባቢ መተማን የሚያውቃት አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. ከሱዳን መሐዲስቶች ጋራ ሲዋጉ የወደቁባት የጦር ሜዳ በመሆኗ ነው፤ ዛሬ በከተማይቱ ውስጥ የሚኖረው ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቃት በድምፅዋ ነው። የሱዳንን ገላባት ፊት ለፊት አድርጋ በምትኖረው በዚህች የጠረፍ ከተማ የጭነት መኪናው ሞተር፣ የባጃጁ ጥሩምባ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚነሣው ጄኔሬተር፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚሰማው ቅዳሴ፣ ከመስጊድ የሚሰማው አዛን፣ ከሻይ ቤቱም የሚወጣው የሱዳን ዘፈን ባንድነት ተቀላቅለው ጆሮን ስለሚከቡት፣ የወደደውን ዜማ ለይቶ መስማት ለሚሻ ሰው የጆሮ ማዳመጫ ከቅንጦት ዕቃ ሊቆጠርበት አይገባም።

ዳሩ ግን ስለ ማዳመጫ የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ የታሰበው አየሩ ቀዝቃዛ፣ መብራቱ የማይጠፋ፣ ቤቱም ጸጥ ያለ ለሆነለት ሰው ነው። በመተማ፣ በገንዳ ውሃ፣ በቋራና በምዕራብ አርማጭሆ ቆላ ግን በበጋው መጨረሻ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድን የሚያልፍበት ጊዜ ስላለ፣ አቧራውና ላቡም ዕቃን ሁሉ ስለሚፈታተን፣ መብራትም አለ ሲሉት ስለሚጠፋ፣ በሌላ አገር መልካም የተባለው ሁሉ ለዚህ አገር መልካም ይሆናል ማለት አይቻልም። እንግዲህ የዚህ መመሪያ መሠረተ ሐሳብ አንድ ነው፤ እርሱም አስቀድመው የሚሰሙበትን ቦታ፣ ቀጥሎ የራስዎን ጆሮ፣ ከሁሉ በኋላ ደግሞ ስምንና ዋጋን ያማክሩ የሚል ነው።

አንደኛ፤ ቦታውን ይወስኑ

ወደ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት ሙዚቃ የሚሰሙበትን ሰዓትና ስፍራ በልቡናዎ ይዘርዝሩ። ማታ በቤትዎ፣ ቬንትሌተር እየዞረ፣ ጋደም ብለው ነውን? ወይስ ከጎንደር ተነሥቶ በአይከልና በገንዳ ውሃ በኩል 200 ኪሎ ሜትር ያህል በሚጓዘው አውቶቡስ ውስጥ ነውን? ወይስ በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ፣ ከከተማ ርቀው፣ ስልክዎን በሶላር እየሞሉ በሚሰነብቱበት የእርሻ ካምፕ ነውን? የቤትና የውጭ ማዳመጥ ልዩነት ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም፤ ጆን ኮስ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው የስቴሪዮ ማዳመጫ በቤቱ ተቀምጦ ሸክላ ለሚሰማ ሰው የታሰበ ሲሆን፣ የጃፓኑ ሶኒ በ1979 ዎክማንን ሲያወጣ ግን አብሮት የሸጠው ማዳመጫ ለመንገደኛ እንዲሆን ተብሎ እጅግ የቀለለ ነበር። ለሁሉም ቦታ እኩል የሚስማማ ማዳመጫ እስከ ዛሬ ስላልተሠራ፣ ከሦስቱ ስፍራዎች አብዛኛውን የማዳመጥ ጊዜዎን የሚያሳልፉበትን ለይተው፣ ለእርሱ የሚሆነውን ለመግዛት ይቍረጡ።

ሁለተኛ፤ ቅርፁን ይምረጡ

በራስ ላይ ተጠልቆ ጆሮን በሙሉ የሚከድነው ትልቁ ማዳመጫ ሁለት ዐይነት ነው። ጀርባው ክፍት የሆነው አየር ስለሚያስገባ ጆሮን እምብዛም አያሞቅም፣ ድምፁም ሰፋ ብሎ ይሰማል፤ ነገር ግን የውጭውን ጩኸት አያግድም፣ የሚሰሙትንም ዘፈን አጠገብዎ ለተቀመጠው ያካፍላል። ጀርባው ዝግ የሆነው በአንጻሩ ጩኸትን በመጠኑ ይከለክላል፤ በመተማ ሙቀት ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጆሮን በላብ ያርሰዋል። ስለዚህ ቤትዎ ከዋናው መንገድ ራቅ ያለና ጸጥ ያለ ከሆነ ክፍቱን፣ በመንገድ ዳር ከሆነ ዝጉን ይምረጡ። በጆሮ ላይ ብቻ የሚያርፈው ትንሹ ዐይነት ለመያዝ ቀላል ቢሆንም፣ ጆሮን ተጭኖ ስለሚያሳምምና ጩኸትንም በሚገባ ስለማያግድ፣ ለረጅም ሰዓት ማዳመጥ አይመከርም።

በጆሮ ቀዳዳ የሚገባው፣ ሰው ሁሉ ኤርፎን የሚለው፣ ለቆላ መንገደኛ ከሁሉ ይሻላል፤ ራስን አያሞቅም፣ በባርኔጣም ሆነ በሻሽ ሥር ያለ ችግር ይውላል፣ የሲሊኮን ጫፉም በልክ ሲገጥም የሞተርን ድምፅ በብዙ ይቀንሳል። ሲገዙ ግን በሳጥኑ ውስጥ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጫፎች መኖራቸውን ይመልከቱ፤ ጫፉ ቀዳዳውን አጥብቆ ካልደፈነ ወፍራሙ ድምፅ ያመልጣልና፣ ብዙ ሰው «ይህ ዕቃ ቤዝ የለውም» ብሎ የሚያማው ማዳመጫ ችግሩ የጫፉ አለመግጠም ብቻ ሆኖ ይገኛል።

የውጭ ድምፅን በኤሌክትሮኒክ ጥበብ የሚሽሩ ማዳመጫዎችም አሉ። እነዚህ በጥቃቅን ማይክሮፎኖች የውጭውን ድምፅ ተቀብለው ተቃራኒውን ሞገድ በማመንጨት ያጠፉታል፤ ይህም ጥበብ የሚሠራው እንደ አውቶቡስ ሞተር፣ እንደ ጄኔሬተርና እንደ ቬንትሌተር ባለው ወፍራምና በማያቋርጥ ድምፅ ላይ ነው። የሰው ንግግርንና የመኪና ጥሩምባን ግን እምብዛም ስለማይሽር፣ በገበያ መካከል ፍጹም ጸጥታን ከእርሱ አይጠብቁ።

ሦስተኛ፤ ገመድ ወይስ ብሉቱዝ

ብሉቱዝ ከገመድ መጠላለፍ ነጻ ያወጣል፤ ነገር ግን በውስጡ የሊቲየም ባትሪ ስላለ ሁለት ነገር ይጠይቃል። መጀመሪያ ራሱን የቻለ ቻርጅ ይፈልጋል፤ መብራት በሌለበት ካምፕ፣ ስልክን እንኳ በወረፋ ለሚሞላ ሰው፣ ይህ ሁለተኛ ዕዳ ነው። ቀጥሎም ሙቀትን አይችልም፤ አምራቾቹ ብዙውን ጊዜ የሚፈቅዱት ከፍተኛው የመጠቀሚያ ሙቀት ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ባለው መካከል ስለ ሆነ፣ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ብሉቱዝ ዕድሜው ያጥራል። በጆሮ የሚገቡት ጥቃቅኖቹ ባትሪያቸው ከደከመ ደግሞ በቀላሉ ተፈትተው ስለማይጠገኑ ሙሉ ዕቃው ይጣላል። ባለ ገመዱ ግን ቻርጅ አይሻም፣ በተመሳሳይ ዋጋም አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ድምፅ ይሰጣል፤ ድካሙ በገመዱ ጫፍ ላይ ነውና፣ ገመዱ ተነቅሎ የሚለወጥ ቢሆን ይመረጣል።

ብሉቱዝ ከመረጡ በሳጥኑ ላይ «አይፒ» ተብሎ የሚጻፈውን ምልክት ያንብቡ። የመጀመሪያው አኃዝ ስለ አቧራ፣ ሁለተኛው ስለ ውሃ የሚናገር ሲሆን፣ በአኃዙ ፈንታ «ኤክስ» የሚል ፊደል ካለ በዚያ ረገድ የተሰጠ መለኪያ የለም ማለት ነው። እንግዲህ «አይፒኤክስ 4» የሚለው ላብንና ፍንጣቂ ውሃን እንደሚችል ብቻ ሲመሰክር፣ «አይፒ 54» ወይም «አይፒ 55» የሚለው አቧራንም እንደሚቋቋም ስለሚመሰክር፣ ለበጋው መንገድ የሚሻለው ይህኛው ነው።

አራተኛ፤ ከስልክዎና ከዘፈንዎ ጋራ ያስማሙት

የስልክዎ ቀዳዳ ክቡ 3.5 ሚሊ ሜትር ጃክ ነው ወይስ ቻርጅ የሚሰካበት ዩኤስቢ ዐይነት ሲ ብቻ ነው? የሚገዙት ማዳመጫ ከዚያ ጋራ የሚገጥም ይሁን። ቀጥሎ በማዳመጫው ላይ በኦም የተጻፈውን ቍጥር ይዩ፤ ከ16 እስከ 32 ኦም ያለው በስልክ ኃይል በሚገባ ሲሠራ፣ እንደ ጀርመኑ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ያለው 300 ኦም ማዳመጫ ግን ምንም እንኳ በዓለም የተመሰገነ ቢሆን፣ አምፕሊፋየር ካልተጨመረለት በስልክ ላይ ድምፁ ደክሞ ይሰማል። «ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ» የሚለው ጽሕፈት ደግሞ ጤናማ የወጣት ጆሮ የሚሰማውን ወሰን የሚናገር እንጂ የጥራት ምስክር ስላልሆነ፣ በርካሹም በውዱም ሳጥን ላይ ስለሚገኝ፣ አያታልልዎ።

የዘፈኑ ፋይልም ይመርመር። በሞባይል ቤት ሚሞሪ ላይ የተጫነ፣ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ቦታ እንዳይፈጅ በብዙ የታመቀ ዘፈን፣ ወይም ከካሴት ወደ ካሴት ተገልብጦ ሽውታው የበዛበት ቅጂ፣ በጥሩ ማዳመጫ ሲሰማ ጕድለቱ ይበልጥ ይገለጣል እንጂ አይሸፈንም። ስለዚህ ገንዘብዎን ሁሉ በማዳመጫው ላይ ከማዋል በፊት የሚወድዷቸውን ዘፈኖች በጥሩ ቅጂ ያስጭኑ።

አምስተኛ፤ በራስዎ ጆሮ ይፈትኑት

ሻጩ ለማሳያ የሚከፍትልዎት ዘፈን ቤዙ የበዛና ጯሂ ስለሚሆን፣ በዚያ አይፍረዱ፤ እርስዎ ደጋግመው የሰሙትን፣ እያንዳንዱን ስንኝ አስቀድመው የሚያውቁትን ሙዚቃ በስልክዎ ይዘው ይሂዱ። ለፈተናው የሚከተሉት ሦስት ዐይነት ሙዚቃዎች ይበቃሉ።

ለመጀመሪያው ፈተና አንድ ድምፅና አንድ ክራር ያለበትን፣ የካሣ ተሰማን ወይም የአስናቀች ወርቁን ሥራ ይክፈቱ። ጣት ጅማቱን ሲነካ ይሰማልን? የዘፋኙ ድምፅ ከሁለቱ ጆሮዎች መካከል ይቆማል ወይስ ወደ አንዱ ጎን ያዘነብላል? በአፍንጫ የሚዘፈን መስሎ ከተሰማዎ የማዳመጫው መካከለኛ ድምፅ የተበላሸ ነው።

ለሁለተኛው ፈተና በማኅሌት የተቀረጸ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ይስሙ። ይህ ሥርዐተ ዜማ ሦስቱን የድምፅ ወገኖች አሟልቶ የያዘ ስለ ሆነ ለፈተና በሚገባ ያገለግላል፤ ከበሮው ወፍራሙን፣ የሊቃውንቱ ድምፅ መካከለኛውን፣ ጸናጽሉ ቀጭኑን ይወክላልና። የከበሮው ምት ሁሉ ተጀምሮ የሚያበቃበት ተለይቶ ቢሰማ፣ ጸናጽሉ ሳይወጋ ቢያንሿሿ፣ ቃሉም በከበሮው ሳይዋጥ ቢደመጥ፣ ማዳመጫው ሚዛኑን የጠበቀ ነው።

ለሦስተኛው ፈተና ብዙ መሣሪያ ባንድነት የሚጫወትበትን ይምረጡ፤ የጥላሁን ገሠሠን ከኦርኬስትራ ጋራ፣ ወይም በጠረፉ በሁለቱም ወገን የሚወደደውን የሱዳናዊውን የመሐመድ ወርዲን ሥራ፤ የሁለቱ አገሮች ዘፈን በአምስት ድምፅ ስልት የተመሠረተ በመሆኑ የመተማ ጆሮ ለሁለቱም ባዳ አይደለም። ጥሩምባውን፣ ቫዮሊኑንና ከበሮውን በየቦታቸው ለይተው ማመልከት ከቻሉ መልካም ነው፤ ሁሉም እንደ ገንፎ ተጓጕሎ ከተሰማ ግን ይመልሱት።

በገና የሚወድ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያስተውል፤ በዓለሙ አጋ በገና ላይ የሚሰማው እርግብግቢት በአውታሩና በብርኩማው መካከል ከሚገባው ቆዳ የሚወጣ የመሣሪያው ጠባይ ስለ ሆነ፣ ማዳመጫው የተሰነጠቀ መስሎ አይታይዎ፤ እንዲያውም ይህን ጥርት አድርጎ የሚያሰማው የተሻለው ነው።

ስድስተኛ፤ ምቾቱንና ጥንካሬውን ይመርምሩ

ትልቁን ማዳመጫ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ያህል አድርገው ይቆዩ፤ መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ ከነመነጽርዎ ይሞክሩት። ስፖንጁ በሰው ሠራሽ ቆዳ የተለበጠ ከሆነ በሙቀትና በላብ ቶሎ ስለሚላጥ፣ በጨርቅ የተለበጠውን ወይም ስፖንጁ ተነቅሎ የሚለወጥ የሆነውን ይምረጡ። ኤርፎን ከሆነ ሙዚቃው እየተሰማ ገመዱን ከጃኩ አጠገብ ቀስ አድርገው ያወዛውዙት፤ ድምፁ ከተቆራረጠ ገና በአዲስነቱ ታሟል ማለት ነው።

ሰባተኛ፤ ሲገዙ ይጠንቀቁ

እንደ ሶኒ፣ ጄቢኤልና አፕል ያሉት ስመ ጥር አምራቾች ዕቃቸው በዓለም ሁሉ በብዛት በማስመሰል ስለሚሠራ፣ በሳጥኑ ላይ ያለው ስም ብቻ ማስረጃ አይሆንም። የጽሕፈቱ ፊደላት ግድፈት እንዳይኖርባቸው ይመልከቱ፤ መለያ ቍጥሩን በአምራቹ ድረ ገጽ ያጣሩ፤ ስመ ጥሩ ዕቃ ከተለመደው ዋጋ እጅግ ወርዶ ቢቀርብልዎ ይጠርጥሩ። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ግራና ቀኙን፣ ማይክሮፎኑን፣ ብሉቱዝም ከሆነ ቻርጅ መቀበሉን በዐይንዎ ያረጋግጡ፤ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ዕቃው ቢበላሽ እስከ ስንት ቀን እንደሚለውጥልዎም ከሻጩ ጋራ ይነጋገሩ። የታወቀ ስም ያለው አስመሳይ ዕቃ ከመግዛት፣ ስሙ ያልገነነ ነገር ግን ከላይ የተነገረውን ፈተና ያለፈ እውነተኛ ዕቃ መግዛት ይበልጣል።

ስምንተኛ፤ ዕቃውንም ጆሮዎንም ይጠብቁ

ማዳመጫዎን ክዳን ባለው ትንሽ ሣጥን ያስቀምጡ፤ ላቡን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ የሲሊኮኑን ጫፍ ነቅለው በሳሙናና በውሃ አጥበው፣ ፈጽሞ ሳይደርቅ መልሰው አይግጠሙት። በጆሮ የሚገባውን ከሌላ ሰው ጋራ አይዋዋሱ። ባትሪ ያለውን በቀትር ሙቀት ከመሙላት ይልቅ፣ ማታ አየሩ ሲበርድ ይሙሉት።

የድምፁን መጠን በሚመለከት፣ የዓለም የጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው የወሰነው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ ድምፁ ወደ 90 ዴሲቤል ከፍ ሲል የሚፈቀደው ጊዜ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል፣ በ100 ዴሲቤል ደግሞ በሳምንት 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ይሆናል። በጩኸት የሞተ የመስማት ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልምና፣ የአውቶቡሱን ሞተር ለማሸነፍ ድምፁን ከመጨመር ይልቅ ጆሮን በሚገባ የሚደፍን ጫፍ ይጠቀሙ። በእግር ሲሄዱ፣ በተለይ ከጭነት መኪና ጋራ መንገድ በሚጋፉበት ቦታ፣ አንዱን ጆሮ ክፍት ይተዉት።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ እንዲህ ነው፦ አንድ ብቻ ለመግዛት አቅም ያለው የቆላ ሰው ባለ ገመድ፣ ከ16 እስከ 32 ኦም የሆነ፣ ጫፉ በልክ የሚገጥም ኤርፎን ይግዛ፤ ለቤቱ ሁለተኛ ለመጨመር የቻለ በጨርቅ የተለበጠ ትልቅ ማዳመጫ ይጨምር፤ ብሉቱዝን ግን የመብራትና የቻርጅ ችግር የሌለበት ሰው፣ አቧራን የሚችለውን መርጦ፣ በሦስተኛ ደረጃ ያስበው። አንባቢ ሆይ፣ ሦስቱን የመፈተኛ ዘፈኖች በስልክዎ ሳይዙ ወደ ሱቅ አይሂዱ።