ናፍታ መኪናዬ ዳገት ላይ ለምን ይደክማል?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ሲሬ ነው። ቱርቦ የሌለው 5ኤል ሞተር ያለበት ሂሉክስ አለኝ። ትልቅ ጎማ ካስገባሁ ወዲህ ከዴራ ማዳበሪያ ጭኜ ስመለስ 3ኛ ማርሽ አልይዝ አለኝ፤ ጥቁር ጭስም ያወጣል። ሞተሩን ላስቀይር?

መልስ፦ አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ጎማውን ወደ ቀድሞው መጠን ይመልሱ። የጎማው ቁመት በ10 በመቶ ሲያድግ ዲፈረንሻል የተቀየረ ያህል ሁሉም ማርሽ በ10 በመቶ ይከብዳል። 3ኛ ላይ የሞተሩ ዙር ጉልበት ከሚሰጥበት በታች የሚወርደው ለዚህ ነው። እስኪያጓራ ሳይጠብቁ 2ኛ ያስገቡ፤ ናፍታ ሞተርን በዝቅተኛ ዙር ማስጨነቅ ይጎዳዋል።

ጭሱ ግን ሌላ ምክንያትም አለው። ደጋ ላይ፣ ለምሳሌ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አሰላ፣ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር ሲያንስ ናፍታው በደንብ ሳይቃጠል በጭስ ይወጣል። «ጉልበት እንዲጨምር» ተብሎ የፓምፑ ናፍታ ከፍ ተደርጎ ከሆነ ያስመልሱት፤ እዚህ አገር ትርፉ ጭስና ሙቀት ነው። በመኸር አቧራ የአየር ማጣሪያውንም ደጋግመው ያጽዱ።

ሞተር መቀየር የግድ ከሆነ በሲሲ ብቻ አይመዝኑ። ለምሳሌ 2ኬዲ ሞተር 2,494 ሲሲ፣ የእርስዎ 5ኤል ደግሞ 2,986 ሲሲ ነው፤ ነገር ግን 2ኬዲ ቱርቦው አየር ስለሚያምቅለት ደጋ ላይ ይሻላል። ቆሻሻ ናፍታ ግን ፈጽሞ አይችልም።

ወደ ዴራ ሲወርዱ በወጡበት ማርሽ ይውረዱ፤ ማርሽ አውጥተው በፍሬን ብቻ እንዳይሞክሩት አደራ።