ስንዴና ገብስ የማይስማማው ሕፃን

በጮሌም ሆነ በአሰላ ዙሪያ ስንዴና ገብስ የቤቱ ዋነኛ ሲሳይ ናቸው። በእነዚህ እህሎች ውስጥ የሚገኘው ግሉተን የተባለ ንጥረ ነገር ግን የአንዳንድ ሕፃናትን አንጀት ይጎዳል፤ በሽታውም ሴልያክ ይባላል። ሕፃኑን ያስቀምጠዋል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ዕድገቱም ይገታል። ስንዴ የዚህ ምክንያት መሆኑን የሆላንዱ ሐኪም ዲከ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1950 በጽሑፍ አስረድቷል።

ሆኖም ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ከሌላ ምክንያት ይመጣልና ወላጆች በግምት እህል እንዳይከለክሉ እናሳስባለን፤ ስንዴውን አስቀድሞ ማስተው የደሙን ምርመራ ያሳስታል።

ሐኪሙ ካረጋገጠ ግን ክልከላው ዕድሜ ልክ ነው፤ ሸክሙም የቤተሰቡ ሁሉ ነው። ሕፃኑን ለብቻው በሳህን መመገብ ቀላል ይመስላል፤ እርሱ ግን እንደ ቅጣት ይቆጥረዋል፤ አያቱም ከገበታው ማጉረሳቸው አይቀርም። ስለዚህ የጋራው እንጀራ ንጹሕ ጤፍ ቢሆን ይሻላል። ጤፍ ውድ መሆኑን አንዘነጋም፤ ድንች፣ ምስር፣ እንቁላልና የበቆሎ ገንፎ ይረዳሉ። በሶ፣ ጭኮና የገብስ ቆሎ ከልጁ እጅ ይራቁ። እርሾውም ከንጹሕ ጤፍ እንደ አዲስ ይጀመር፤ ስንዴ ከፈጨ ወፍጮ ወዲያው የሚወጣው የጤፍ ዱቄት ለልጁ አይሆንምና ቤተሰቡ ይጠንቀቅ። መምህራንም ልጆች በዕረፍት ጊዜ ዳቦ ሲካፈሉ ይህን ልጅ ሳያሳፍሩ ይጠብቁት።