መርጃን ድንጋይ አይደለም
ከቀይ ባሕር ሥር የተማርኩት



አብዛኞቻችን ቀይ ባሕርን የምናውቀው ከላዩ ነው። ለሐጅም ይሁን ለሥራ ወደ ጂዳ የተጓዘ ሰው በአውሮፕላን መስኮት ተዘርግቶ አይቶታል፤ ያልተጓዘውም በካርታ ላይ ያውቀዋል። ከሥሩ ስላለው ፍጡር ግን የምናውቀው እጅግ ጥቂት ነው። እኔም በካይሮ ተማሪ በነበርኩበት ጊዜ አንድ ግብጻዊ የክፍል ጓደኛዬ በእረፍት ሰሞን ወደ ሻርም አል-ሼኽ ይዞኝ እስከሄደበት ቀን ድረስ ከዚሁ ወገን ነበርኩ። በዚያ ያየሁትን፣ በተለይም የፈጸምኩትን ስሕተት፣ ለአንባቢ ባካፍል ትምህርት ይሆናል ብዬ ስላመንኩ ይህን ጽሑፍ አቅርቤያለሁ።

ቦታው

ሻርም አል-ሼኽ የምትገኘው በሲና ባሕረ ገብ መሬት ደቡባዊ ጫፍ አካባቢ ነው። ከርሷ ጥቂት ዝቅ ብሎ ራስ ሙሐመድ የሚባለው ስፍራ አለ። ይህ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1983 በሕግ የተከለለ የግብጽ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከምዕራብ የስዊዝ ባሕረ ሰላጤ፣ ከምሥራቅ ደግሞ የአቀባ ባሕረ ሰላጤ መጥተው የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች ቢሆኑም ጠባያቸው ለየቅል ነው። የስዊዙ ጥልቀት በአማካይ 40 ሜትር ያህል ሲሆን የአቀባው ጥልቅ ቦታ ግን ከ1,800 ሜትር ይበልጣል። በመሆኑም በራስ ሙሐመድ ዳርቻ ውኃው ከጉልበት ከማያልፍበት ቦታ ተነስቶ ጥቂት የራቀ ሰው ወዲያው ከገደል አፋፍ ይደርሳል። ገደሉ ከላይ እስከ ታች በሕይወት የተሸፈነ ነው።

ለመሆኑ ቀይ ባሕር ይህን ያህል ሕይወት የበዛበት ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት የውኃው ጥራት ነው። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ አይገባበትም፤ ዝናቡም ጥቂት ነው። ስለዚህ ደለል አያደፈርሰውም፤ የፀሐይ ብርሃንም ወደ ታች ዘልቆ ይገባል። በዚህ ባሕር ከ1,000 በላይ የዓሣ ዓይነቶች ሲኖሩ፣ ከየአሥሩ አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጠው በሌላ በየትኛውም ባሕር አይገኝም።

ሦስቱ ትእዛዞች

ጠላቂዎቹን የሚያሰለጥነው ሰው ዕድሜው የገፋ የባሕር ሰው ነበር። ሁሉም «ካብቴን» ይሉታል። እኔን ደግሞ ተማሪነቴን ሰምቶ «ያ ሸይኽ» ይለኝ ጀመር። የአየር ቦንቦላውን ከጀርባዬ አስሮ፣ የእርሳሱን ቀበቶ አስታጥቆ፣ መተንፈሻውን ካስጎረሰኝ በኋላ ሦስት ትእዛዞች ሰጠኝ።

አንደኛው፣ ትንፋሽህን ፈጽሞ አትያዝ የሚል ነው። አንድ ሰው 10 ሜትር ሲወርድ ግፊቱ በእጥፍ ይጨምራል፤ አየርም መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል። ከዚያ ጥልቀት ሳንባውን በአየር ሞልቶ፣ አፉን ዘግቶ የወጣ ሰው አየሩ በውስጡ እየሰፋ ሄዶ ሳንባውን ሊቀድበት ይችላል። ሁለተኛው፣ በዝግታ ውጣ የሚል ነው። ከሥር ሳለን ናይትሮጅን ወደ ደማችን ይሟሟል፤ በችኮላ ከወጣን ድንገት እንደተከፈተ ለስላሳ መጠጥ አረፋ ይሠራል። ሦስተኛው ደግሞ፣ ምንም ነገር አትንካ የሚል ነበር። «ሁለቱ ላንተ ሕይወት ናቸው፤ ሦስተኛው ለነርሱ ሕይወት ነው» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱን በቃሌ ያዝኩ፤ ሦስተኛውን ግን ለወጉ ያህል ብቻ ሰማሁ።

ከውኃው በታች

ጀማሪ ስለነበርኩ የወረድነው ከገደሉ ርቆ፣ ከ8 ሜትር ወደማይበልጥ የተጠለለ ቦታ ነው። በመጀመሪያ ያስገረመኝ ቀለሙ ነበር። ውኃ ከብርሃን ውስጥ ቀዩን ቀድሞ ስለሚውጥ፣ ከላይ ደማቅ ቀይ የነበረው የጓደኛዬ ቀበቶ ከሥር ቡናማ መሰለኝ። ካብቴኑ መብራቱን ሲያበራበት ግን ቀይነቱ ተመለሰ።

ቀጥሎም ጣት የሚመስሉ መርዘኛ ክንዶች ባሏት የባሕር እንስሳ መካከል አንድ ብርቱካናማ ዓሣ እየተሹለከለከ ሲጫወት አየሁ። ሌሎች ዓሦች ቢነኳት ትገድላቸዋለች፤ ይህን ግን ሰውነቱን የሸፈነው ዝልግልግ ነገር ይጠብቀዋል። እርሷ ትከልለዋለች፤ እርሱም በበኩሉ ሊበሏት የሚመጡትን ያባርርላታል። እልፍ ሲል ትልልቅ ዓሦች አፋቸውን ከፍተው ቆመዋል፤ አንዲት ጣት የማታክል ዓሣ በጥርሳቸው መካከል እየገባች ተውሳክ ትለቅምላቸዋለች። ሊውጧት ይችሉ ነበር፤ ግን አይውጧትም። የበቀቀን መንቁር የመሰለ አፍ ያለው ሌላ ዓሣ ደግሞ ድንጋይ የመሰለውን ነገር ይግጣል። የገጠውን አድቅቆ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። እኛ በባሕር ዳር በባዶ እግራችን የምንሄድበት ነጭ አሸዋ ብዙው የርሱ ሥራ መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው።

ስሕተቱን የፈጸምኩት በዚህ መሐል ነው። በመገረም ስዞር ሚዛኔን ሳትኩና ለመደገፍ እጄን ዘረጋሁ። የጨበጥኩት ቅርንጫፍ እንደ ደረቅ ብስኩት ቀጭ ብሎ ተሰበረ። አፍሬ መጣል ሲገባኝ ለመታሰቢያ ይሆነኛል ብዬ በመዳፌ ደበቅሁት። ካብቴኑ አየኝ። መጥቶ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከፈተ፤ ስባሪውንም ወስዶ በዐለቱ ስንጥቅ ውስጥ በጥንቃቄ ሰካው።

ጀልባው ላይ ስንወጣ አልተቆጣኝም። «ያ ሸይኽ፣ የሰበርከው ድንጋይ አይደለም። ጣት የምታህለው ቅርንጫፍ የዓመት ወይም የሁለት ዓመት ሥራ ናት። አንተ አንድ ሰበርክ። በዚህ ቦታ በየቀኑ ስንት ሰው እንደሚወርድ ቁጠርና ራስህ አባዛው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ለመሆኑ መርጃን ምንድን ነው?

መርጃን የሚለውን ስም ብዙዎቻችን ከሱረቱ ረሕማን እናውቀዋለን። ሳይንስ እንደሚያስረዳው ኮራል የሚባለው ነገር በሺህ የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ከምስር ፍሬ የማይበልጡ እንስሳት የሚኖሩበት ከተማ ነው። እያንዳንዱ እንስሳ ከሥሩ ኖራ እያወጣ ቤቱን ይሠራል። በሥጋው ውስጥ ደግሞ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። እነርሱ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ሠርተው ከሚያስፈልገው እስከ 90 በመቶ የሚሆነውን ይመግቡታል፤ ቀለሙም በአብዛኛው የነርሱ ነው። ድቡልቡል ቅርጽ ያለው ኮራል በዓመት የሚያድገው አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የሰው ቁመት የሚያህል ኮራል ከቅድመ አያቶቻችን በፊት ሥራ የጀመረ ነው ማለት ነው። እንዲህ ያሉ የኮራል ሠፈሮች ከባሕር ወለል ከመቶ አንድ እጅ እንኳን አይሸፍኑም፤ ሆኖም ከባሕር ፍጥረታት ዓይነት ሩብ ያህሉ የተጠለሉባቸው ናቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ይህ ነው።

የታላላቆችም ስሕተት

ባለማወቅ ያጠፋሁት እኔ ብቻ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1943 ከመሐንዲስ ጓደኛው ከጋኛን ጋር ዘመናዊውን የመጥለቂያ መተንፈሻ የሠራው ፈረንሳዊው ዣክ ኩስቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ለዓለም ባሳየው ፊልም ላይ ቡድኑ ዓሦችን ለመቁጠር ሲል የኮራል ሠፈር በድማሚት ሲያፈነዳ ይታያል። ይኸው ሰው በኋላ ከባሕር ጠበቆች ሁሉ ስመ ጥሩ ለመሆን በቅቷል። ማወቅ ሰውን እንዲህ ይለውጣል። በግብጽም ሁርጋዳ ላይ ጠላቂዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ኼፕካ የተባለ ማኅበር መሥርተው ጀልባዎች መልሕቅ ከመጣል ይልቅ የሚታሰሩባቸውን ቋሚ ተንሳፋፊዎች ተክለዋል።

ሙቀቱና እጃችን

ይህ እንዲህ እንዳለ ሌላ የከፋ አደጋ አለ። ባሕሩ ከለመደው ከፍተኛ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ያህል በልጦ ለሳምንታት ከቆየ፣ ኮራሉ አልጌዎቹን ከሰውነቱ ያስወጣና ይነጣል፤ ሙቀቱ ካልበረደም በረሃብ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1998፣ በ2010 እና ከ2014 እስከ 2017 ይህ መቅሠፍት በዓለም ዙሪያ ታይቷል። በሚያዝያ 2024 ደግሞ አራተኛው መድረሱ ተነገረ።

የሰሜናዊው ቀይ ባሕርና የአቀባ ኮራሎች ግን ከሌሎች ይልቅ ሙቀት እንደሚችሉ ሙከራዎች አሳይተዋል። ተመራማሪዎች የሚሰጡት ምክንያት እንዲህ ነው። ከበረዶው ዘመን በኋላ አባቶቻቸው ከሕንድ ውቅያኖስ የገቡት በእኛው ደጅ በባብ ኤል መንደብ በኩል ነው። ያ መተላለፊያ እጅግ ሞቃት በመሆኑ ያለፉት ብርቱዎቹ ብቻ ናቸው። የዛሬዎቹ የነዚያ ልጆች ናቸው። በመሆኑም የሌላው ዓለም ኮራል ቢጠፋ እንኳን እነዚህ ከመጨረሻዎቹ መካከል ሊቆዩ ይችላሉ።

ይሁን እንጂ ሙቀትን የቻለ ፍጡር መልሕቅን፣ የፍሳሽ ቆሻሻን፣ የጠላቂን እግርና የእኔን እጅ ሊችል አይችልም። ሙቀቱ የማረውን እኛ ልንጨርሰው እንችላለን። እንግዲህ ባሕር ዳር ለመሄድ ዕድል የሚያገኝ ወገን ሁሉ የሚከተሉትን ያስተውል እላለሁ።

1ኛ. ኮራልን በእጅ አይንካ፤ በእግሩም አይቁምበት። መርዘኛ የሆኑት የድንጋይ ዓሣና የአንበሳ ዓሣ በዚያው ስለሚኖሩ ለራሱም ይበጀዋል።
2ኛ. ጌጥ ነው ብሎ ኮራል አይልቀም፤ አይግዛም። ገዢ ከሌለ ሰባሪ አይኖርም።
3ኛ. «የኔ አንዲት ምን ታደርጋለች?» አይበል።

ያ ባሕር የተገነባው አንዲት ምን ታደርጋለች በሚባሉ ጥቃቅን ፍጡራን ነው። የሚፈርሰውም እንደኔ ባለች አንዲት፣ አንዲት ስባሪ ነው። የካብቴኑን ማባዣ ዛሬም ሠርቼ አልጨረስኩም።

ወሰላም።