ከሐኪሙ ቃል በኋላ፦ ኦቲዝም ያለበትን ልጅና ቤተሰቡን ማን ይደግፋል?



አንድ ልጅ ተመርምሮ ኦቲዝም እንዳለበት ሲታወቅ ወላጆቹ ብዙ ጥያቄ ይዘው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ይናገር ይሆን? ትምህርት ቤት ይቀበለው ይሆን? እኛ ስናልፍ ማን ይይዘዋል? እነዚህ ጥያቄዎች ገና መልስ ሳያገኙ ግን ከጎረቤትና ከዘመድ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ «ምን ሠርታችሁ ነው?» የሚል። በየአካባቢያችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጃቸውን ወደ ጓዳ የሚያስገቡ፣ ከማኅበርና ከዕድር የቀሩ፣ ቅዳሴ መምጣትም የተዉ ቤተሰቦች የሚኖሩት ከሕመሙ ይልቅ ይህ ጥያቄ ስለሚከብዳቸው ነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርታችን ድጋፍ ከየት እንደሚገኝና የቁምስናው ድርሻ ምን እንደሆነ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

1. ኦቲዝም ምንድር ነው?

ኦቲዝም የአእምሮ እድገት ከሕፃንነት ጀምሮ በተለየ መንገድ ሲጓዝ የሚታይ ሁኔታ ነው። ሕፃኑ በስሙ ሲጠሩት ላይዞር፣ የፈለገውን በጣቱ ላያመለክት፣ የጀመራቸውን ቃላት ሊያጣ ይችላል። አንዱን እንቅስቃሴ ደጋግሞ ያደርጋል፤ የለመደው ሥርዓት ሲለወጥ ይጨነቃል፤ ለሌላው ቀላል የሆነው ድምፅ ወይም ብርሃን እርሱን ያስጮኸዋል። ደረጃው ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይማራል፤ ሌላው ዕድሜውን ሙሉ የቅርብ ረዳት ያስፈልገዋል።

ሁኔታውን በዚህ ስም ለይቶ የጻፈው ሊዮ ካነር የተባለ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1943 አሥራ አንድ ሕፃናትን ተከታትሎ ያየውን አሳተመ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2021 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት። እንግዲህ አንድ ትልቅ ቁምስና እንዲህ ያለ ልጅ በመካከሉ የለም ብሎ ለማሰብ ይቸግራል። ካልታየ የተደበቀ ሊሆን ይችላል።

2. «ማን በደለ?»

ይህ ጥያቄ በእኛ አገር ብቻ የተጠየቀ አይደለም። በሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በአሜሪካና በአውሮፓ የነበሩ አንዳንድ ሊቃውንት ኦቲዝም የሚመጣው እናት ለልጇ ፍቅር ስትነፍግ ነው ብለው አስተምረዋል፤ ብዙ እናቶችም በዚህ ትምህርት ቆስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 በርናርድ ሪምላንድ የተባለ የሥነ ልቡና ሊቅ፣ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት፣ ይህን አስተሳሰብ የሚያፈርስ መጽሐፍ ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ክትባት ኦቲዝምን ያመጣል የሚል ጽሑፍ በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ወጣ፤ ይኸው መጽሔት ግን በ2010 ጽሑፉን ሰረዘው። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ሰፊ ጥናቶችም ክትባትና ኦቲዝም ግንኙነት እንደሌላቸው አረጋግጠዋል።

በኦቲዝም መነሻ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የዘር ውርስ እንደሆነ ዛሬ ይታወቃል። የአስተዳደግ ጉድለት፣ እርግማን ወይም የወላጅ ኃጢአት ያመጣው አይደለም። እኛ ክርስቲያኖች በተለይ ልናስታውሰው የሚገባ ነገር አለ። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ይህንኑ ጥያቄ ጌታን ጠይቀውት ነበር። እርሱም በደሉን ከሰውየውም ከወላጆቹም ላይ አነሣ። ጌታ ያነሣውን ሸክም መልሰን በአንዲት እናት ጫንቃ ላይ ልንጭን አይገባንም።

ወደ ጸሎትና ወደ ጠበል መሄድ የእምነት ነገር ነውና አይነቀፍም። ነገር ግን ልጁን በሰንሰለት ማሰር፣ መምታት፣ ምግብ መከልከል፣ ወይም በጸሎት ምክንያት የሕክምና ክትትሉን ማቋረጥ ልጁን ይጎዳዋል እንጂ አይረዳውም።

3. ድጋፍ ከየት ይገኛል?

ሀ) ከጤና ተቋም። ኦቲዝምን የሚያስወግድ መድኃኒት የለም፤ «በዚህ ያህል ገንዘብ አድናለሁ» ከሚል ሁሉ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ሐኪም ዘንድ መመላለስ ከንቱ አይደለም። የልጁ ጆሮ መሰማቱ መመርመር አለበት፤ መስማት የተሳነው ልጅ ኦቲዝም ያለበት መስሎ ሊታይ ይችላልና። ከኦቲዝም ጋር አብሮ የሚገኝ የሚጥል በሽታ ወይም የእንቅልፍ ችግር ካለ ደግሞ ይታከማል። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሞች የሚገኙት በአብዛኛው በአዲስ አበባ ነው፤ የቅዱስ ጳውሎስና የየካቲት 12 ሆስፒታሎች በዚህ አገልግሎት ይታወቃሉ። ከሩቅ የሚመጣ ቤተሰብ በቅድሚያ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄዶ ሪፈር ቢጽፉለት መልካም ነው። ልጁ ምን እንደሚችል፣ ምን እንደሚያስቆጣው፣ እንዴት እንደሚተኛ በአንድ ደብተር መዝግቦ መሄድም የሐኪሙን ሥራ ያቀላል።

ለ) ከገዛ ቤት። ለልጁ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ቤቱ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ከ2 እስከ 9 ዓመት ያሉ የእድገት ችግር ያለባቸው ልጆች አሳዳጊዎች የሚሠለጥኑበት መርሐ ግብር አዘጋጅቷል። ዘጠኝ የጋራ ስብሰባዎችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች አሉት፤ የሚያሠለጥኑትም የግድ ልዩ ሐኪሞች መሆን የለባቸውም። በአገራችንም ባለሙያዎች ከእኛ ኑሮ ጋር አስማምተው ሞክረውታል። የትምህርቱ ፍሬ ነገር ቀላል ነው። ከልጁ ጋር ጎንበስ ብሎ መጫወት፤ በአጭር ቃል መናገርና መልሱን ታግሦ መጠበቅ፤ የቀኑን ሥራ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል ማድረግ፤ እጅ መታጠብን የመሰለ ሥራ ከፋፍሎ አንድ በአንድ ማስተማር፤ ትንሽም ቢሆን ሲሳካለት ማመስገን። አሠልጣኞች ለአሳዳጊው ዕረፍትም ቦታ ይሰጣሉ፤ የደከመች እናት ብቻዋን ልትዘልቀው አትችልምና።

ሐ) ከሌሎች ወላጆች። በየአገሩ የኦቲዝም አገልግሎት ታሪክ ሲመረመር ጀማሪዎቹ በአብዛኛው ወላጆች ናቸው። በለንደን እ.ኤ.አ. በ1962፣ በአሜሪካ በ1965 የመጀመሪያዎቹን ብሔራዊ ማኅበራት ያቋቋሙት እነርሱ ናቸው። በአገራችንም ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እርሳቸው ዛሬ በሕይወት ባይኖሩም መንገዱን ጠርገው አልፈዋል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ በወላጆች የተጀመረ ነው። የማዕከላቱ ቦታ ውሱን ስለሆነ ወረፋ መጠበቅ ሊኖር ይችላል፤ ሆኖም ምክር መጠየቅና ከሌሎች ወላጆች ጋር መተዋወቅ ብቻውን ትልቅ ረድኤት ነው። ማዕከል በሌለበት ከተማ ሁለት ሦስት እናቶች በወር አንድ ጊዜ በቡና ላይ ቢገናኙ ያው ሥራ ተጀመረ ማለት ነው።

መ) ከትምህርት ቤት። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። ስምምነቱም እነዚህ ልጆች ከአጠቃላዩ ትምህርት እንዳይገለሉ ያዛል። ስለዚህ ወላጆች በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ቀርበው የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህር ያለው ትምህርት ቤት የት እንደሚገኝ ሲጠይቁ መብታቸውን መጠየቃቸው እንጂ ውለታ መለመናቸው አይደለም።

4. የቁምስናው ድርሻ

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 2014 በቫቲካን ስለ ኦቲዝም ለተሰበሰቡ ሰዎች ሲናገሩ፣ መገለልን ለመስበር የሁሉም ትብብር እንደሚያስፈልግ አሳስበው ነበር። ትብብሩ በአንድ ቁምስና ውስጥ ምን መልክ ይኖረዋል?

ከሁሉ በፊት መጎብኘት ነው። የሚጎበኝ ሰው ምክር ከመስጠት ይልቅ መስማትን ያስቀድም፤ ልጁንም በስሙ ይጥራው። ቀጥሎ የጊዜ ስጦታ አለ። አንዲት የታመነች ሴት በሳምንት ሁለት ሰዓት ከልጁ ጋር ብትቀመጥ እናቱ ገበያ ትሄዳለች፣ ታርፋለች፣ ወይም ለሌሎቹ ልጆችዋ ጊዜ ታገኛለች። ሩቅ ሆስፒታል ለሚመላለስ ቤተሰብ ደግሞ የመጓጓዣ ወጪ ሕክምናን የሚያስቀር ሸክም ነውና፣ የቁምስናው የበጎ አድራጎት ኮሚቴ ይህን ቢያስብበት የተገባ ነው።

በቅዳሴም ጊዜ ከበሮው፣ ጸናጽሉና የሕዝቡ ብዛት ልጁን ሊያስጨንቁት ይችላሉ። በበሩ አጠገብ ቦታ ይያዝለት፤ ሲከብደው ወጥቶ ይመለስ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ባዶ በሆነበት ቀን አስቀድሞ እየመጣ ይልመደው። ሲጮህ ዞሮ በቁጣ የሚመለከት ምእመን ቤተሰቡን በአንድ ዓይን ብቻ ከቤተ ክርስቲያን ሊያስወጣው እንደሚችል ይወቅ።

5. ለካቴኪስቶች

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የትምህርተ ክርስቶስ መመሪያ ማንም ሰው በአካል ጉዳቱ ምክንያት ምሥጢራትን ሊከለከል እንደማይገባ በግልጽ ያስተምራል። ስለዚህ «አይገባውም» ብለን ልጁን ከመመለሳችን በፊት እኛ እንዴት ልናስተምረው እንደምንችል እንጠይቅ። አስቀድመን ከወላጆቹ እንማር። ትምህርቱን በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት፣ በሥዕልና በሚዳሰስ ነገር፣ በአጭር ጊዜ እንስጠው። የማይናገር ልጅ የማያውቅ ልጅ ማለት አይደለም፤ በማማተቡና በመሳለሙ የሚጸልይ አለ።

ቤተሰቡ ይህን መንገድ የሚሄደው ለጥቂት ወራት አይደለም፤ ለብዙ ዓመታት ነው። ሐኪሙ በቀጠሮ ቀን ብቻ ያያቸዋል፤ ቁምስናው ግን በየሳምንቱ አብሮአቸው አለ። ስለዚህ ከእኛ የሚጠበቀው ትልቅ እውቀት ሳይሆን ጽናት ያለው ጉርብትና ነው።

ለውይይት

1. በቁምስናችን ወይም በሰፈራችን ልጃቸውን ደብቀው የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉን? እንዳይወጡ ያደረጋቸው ምንድር ነው?
2. «የማን ኃጢአት ነው?» የሚል ንግግር ስንሰማ ምን እንመልሳለን?
3. ለአንድ ቤተሰብ በዚህ ሩብ ዓመት ልናደርገው የምንችለው አንድ ነገር ምንድር ነው? ማንስ ይጀምረዋል?