ስለ ታናናሽ ሮኬቶችና ስለ ማስወንጨፊያቸው ቀን ሥርዓት

ባሩድ በቀፎ ውስጥ ተደርጎ በአንድ ወገን ብቻ መውጫ ቀዳዳ ቢበጅለትና ቢቀጣጠል፥ ጢሱና ነበልባሉ በብርታት ወደ ኋላ ይወጣል፤ ቀፎው ግን ወደ ፊት ይገፋል። በበዓል ሌሊት ወደ ሰማይ የሚወጣው ርችት የሚሄደው በዚህ ኃይል ነው። በ1969 ዓ.ም. ሰዎችን ወደ ጨረቃ ያደረሰው ታላቅ ሮኬትም፥ በውስጡ የሚነደው ነገር ሌላ ቢሆን እንኳ፥ የሄደው በዚሁ ሕግ ነው። ሕጉን እንግሊዛዊው ሊቅ ኢሳቅ ኒውተን በ1687 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል፤ ይኸውም አንድ ነገር ሌላውን በገፋው መጠን እርሱ ራሱ ወደ ኋላው ይገፋል ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ ያለው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ዓ.ም. የሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለችውን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ሰማይ ከሰደደ በኋላ፥ በአሜሪካ አገር ብዙ ልጆች ሮኬት ለመሥራት ታላቅ ምኞት አደረባቸው። ምኞቱ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ብልሃቱን የሚያሳያቸው ሰው አልነበረም። ስለዚህ አንዳንዶቹ በየቤታቸው ጓዳ የሚፈነዳ ቅመም እየቀመሙ በብረት ቧንቧ ውስጥ ይጠቀጥቁ ጀመር። ወረቀት ከውስጥ በኩል ግፊት ቢበዛበት ይቀደዳል፤ ብረት ግን ይሰባበራል፥ ስባሪውም እንደ ጥይት ይበተናል። በዚህ ምክንያት ጣታቸውን ያጡ፥ ዓይናቸው የጠፋ፥ የሞቱም ልጆች ነበሩ።

መድኃኒቱ ግን ከዚያ በፊት ተገኝቶ ነበር። በኔብራስካ ግዛት በኖርፎክ ከተማ ኦርቪል ካርላይል የተባለ ጫማ ሻጭ ነበረ፤ የርችት ሥራ ያውቅ ነበር። ወንድሙ ሮበርት ደግሞ ታናናሽ አውሮፕላኖች መሥራት ይወድ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የሁለቱ ዕውቀት ተጋጠመና አካሉ ከወረቀት፥ ክንፉ ከቀላል እንጨት የሆነ፥ ሞተሩ ከተቃጠለ በኋላ በሌላ የሚለወጥ፥ በዣንጥላም ቀስ ብሎ የሚወርድ ሮኬት ሠሩ። በ1957 ዓ.ም. ካርላይል ስለ ሮኬት ሥራ ጥንቃቄ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በመጽሔት አነበበ። ጸሐፊው ሃሪ ስታይን፥ በኒው ሜክሲኮ በረሃ ዋይት ሳንድስ በሚባለው በጦር ሠራዊቱ የሮኬት መፈተኛ ቦታ የሠራ ሰው ነበረ። ካርላይል ከሮኬቶቹ ላከለት፤ ስታይንም ፈትኖ ወደዳቸው። በዚያው ዓመት ማኅበር አቋቋመ፤ ይህም ማኅበር ብሔራዊ የሮኬት ማኅበር በሚል ስም እስከ ዛሬ አለ። በ1959 ዓ.ም. የማኅበሩ የመጀመሪያ አገር አቀፍ ውድድር በዴንቨር ከተማ ተደረገ።

ስታይን ያደረገው ትልቁ ነገር ሮኬቱን ማስተዋወቁ ብቻ አይደለም። በታላቁ የጦር መፈተኛ ቦታ ያየውን ሥርዓት ለልጆች ሜዳ እንዲስማማ አድርጎ ማምጣቱ ነው።

ሞተሩ በወፍራም ወረቀት ቀፎ ውስጥ ተጠቅጥቆ በፋብሪካ የተሠራ ባሩድ ነው፤ የጢሱ መውጫም ከሸክላ የተበጀ ነው። የማኅበሩ ደንብ ማንም ሰው ሞተር ራሱ እንዲቀምም አይፈቅድም። በቀፎው ውስጥ ሦስት ነገር ተከታትሎ ይነዳል። ፊተኛው ሮኬቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁለተኛው ጢስ ብቻ እየሰጠ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ በዚህ ጊዜ ሮኬቱ ባገኘው ፍጥነት ብቻ ይወጣል። ሦስተኛው ወደ ፊት ፈንድቶ አፍንጫውን ከፍቶ ዣንጥላውን ያወጣል። በሞተሩ ላይ «ቢ 6-4» ተብሎ ቢጻፍ፥ ፊደሉ የጠቅላላ ኃይሉን ደረጃ፥ 6 የግፊቱን ልክ በኒውተን፥ 4 ደግሞ ዣንጥላው እስኪወጣ የሚቆየውን ሰኮንድ ያመለክታል። ከኤ ወደ ቢ፥ ከቢ ወደ ሲ በተሻገሩ ቍጥር የኃይሉ ወሰን እጥፍ ይሆናል።

ክንፉ የሚያገለግለው በፍላጻ ጭራ ላይ ያለው ላባ እንደሚያገለግለው ነው፤ አፍንጫው ዘወትር ወደ ፊት እንዲመለከት ያደርጋል። አዲስ ሮኬት የሠራ ልጅ ይህን ሳይተኩስ ሊፈትነው ይችላል። ሞተሩን አስገብቶ፥ ክብደቱ በሚመዛዘንበት ቦታ ላይ ገመድ አስሮ በራሱ ዙሪያ ያሽከረክረዋል። አፍንጫው ቢቀድም መልካም ነው፤ ቢወላገድ ወይም ጭራው ቢቀድም ግን ክንፉን ማስፋት ወይም አፍንጫውን ማክበድ ያስፈልገዋል።

የማስወንጨፊያው ቀን በደረሰ ጊዜ የማኅበሩ ሰዎች ደረቅ ሣር የሌለበትን ሰፊ ሜዳ ይመርጣሉ። ነፋሱ በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር በላይ ቢሆን ማንም አይተኩስም። እያንዳንዱ ሮኬት አስቀድሞ በተቆጣጣሪ ይታያል፤ ክንፉ ይነቀነቃል፥ አፍንጫው እንዳይጠብቅ ይሳባል፥ ዣንጥላው በእሳት እንዳይነካ በደንብ መጠቅለሉ ይመረመራል። ከዚያ ሮኬቱ ወደ ሰማይ በቆመ ዘንግ ላይ ይሰካል፤ ከሥሩም ነበልባሉን የሚመልስ የብረት ሳሕን አለ።

እሳቱ የሚለኮሰው በክብሪት አይደለም። ቀጭን ሽቦ በሞተሩ ቀዳዳ ይገባል፤ ከእርሱም የሚወጣው ረጅም የኤሌክትሪክ ገመድ ከባትሪ ጋራ ይገናኛል። ለታናናሾቹ ሞተሮች ሰው ቢያንስ 4 ሜትር ተኩል፥ ለበረቱት 9 ሜትር መራቅ አለበት። የማስተኮሻው ሣጥን ቁልፍ አለው፤ ያለ ቁልፉ ኤሌክትሪኩ አያልፍም። ሽቦውን ለማገናኘት ወደ ሮኬቱ የሚሄድ ልጅ ቁልፉን ይዞት ይሄዳል። እርሱ ተንበርክኮ ሲሠራ ጓደኛው በስሕተት ቢጫን እንኳ ምንም አይሆንም፤ ልጁ ሕይወቱን በኪሱ ይዟልና። ሲመለስም አዛዡ ሰማዩንና ሜዳውን አይቶ፥ ሁሉ እንዲሰማ በታላቅ ድምፅ ከ5 ጀምሮ ወደ ታች ይቈጥራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ግን ቈጠራው አልቆ ሮኬቱ ሳይነሣ የቀረ እንደ ሆነ ነው። ልጁ ቶሎ ሮጦ ምን እንደ ሆነ ለማየት ይቸኩላል። ደንቡ ቁልፉን አውጥቶ 60 ሰኮንድ ሙሉ መጠበቅን ያዛል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሽቦው ከባሩዱ ተንሸራትቷል፥ ወይም መቆንጠጫው ቈሽሿል። ነገር ግን ያልታየ ፍም በውስጥ ቢኖር፥ ፊቱን ወደ ሞተሩ ያዘነበለውን ልጅ ያገኘዋል። ስለዚህ መቶው ተመልካች ሁሉ ዝም ብሎ አንዲቱን ደቂቃ ይጠብቃል። በኤሌክትሪክ ምሰሶ ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ሮኬትም፥ የሦስት ሳምንት ድካም ቢሆን እንኳ፥ በዚያው ይቀራል።

ሮኬቱ ምን ያህል እንደ ወጣ በገመድ ሳይሆን በማዕዘን ሊታወቅ ይችላል፤ መሣሪያውንም በማናቸውም ትምህርት ቤት መሥራት ይቻላል። ግማሽ ክብ የሆነ የማዕዘን መለኪያ ይወሰዳል፤ በመካከሉ ካለው ነጥብ ላይ እንደ ግንበኛ ቱንቢ ትንሽ ድንጋይ የታሰረበት ክር ይንጠለጠላል። የመለኪያው ቀጥተኛ ጠርዝ ወደ አግድም ሲያይ ክሩ 90ን ይነካል። ለካዩ በጠርዙ አቅጣጫ ወደ ሮኬቱ አነጣጥሮ ክሩ ያረፈበትን ቍጥር ከ90 ይቀንሳል፤ የቀረው የሮኬቱ ማዕዘን ነው። ለካዩ ከማስወንጨፊያው 100 ሜትር ርቆ ቢቆም፥ ማዕዘኑ 30 ዲግሪ ሲሆን ከፍታው 58 ሜትር ያህል ነው፤ 45 ሲሆን ልክ 100 ሜትር፥ 60 ሲሆን 173 ሜትር ይሆናል። በዚህም ላይ ከመሬት እስከ ለካዩ ዓይን ያለው ይጨመራል። ሮኬት በሌለበት አገር ተማሪዎች በዚሁ መሣሪያ የባሕር ዛፍን ቁመት ሊለኩ ይችላሉ፤ 45 ዲግሪ እስኪሆን ድረስ ወደ ኋላ እየሄዱ፥ ከዚያ እስከ ግንዱ ያለውን መሬት በሜትር መለካትና ከመሬት እስከ ዓይን ያለውን መጨመር ይበቃል።

ነገር ግን ሮኬት እንደ ዛፍ በቦታው አይቆምም፤ ነፋስ ወደ ጎን ይወስደዋል። ስለዚህ ቀድሞ በውድድር ቀን ሁለት ለካዮች በሁለት ወገን ይቆሙ ነበር፤ ወደ ላይ ያለውን ማዕዘን ብቻ ሳይሆን ወደ ጎን ያለውንም ይለኩ ነበር። ከሁለቱ የተገኘው ከፍታ ከአማካዩ ከመቶ 10 በላይ ቢራራቅ ውጤቱ አይመዘገብም ነበር። አንዱ 96 ሜትር፥ ሌላው 128 ሜትር ቢያገኝ አማካዩ 112 ነው፤ ልዩነቱም ከአማካዩ 16 ስለ ሆነ፥ ከ11 ስለሚበልጥ፥ ሰው ሁሉ በዓይኑ ያየው መውጣት በመዝገብ አይገባም ነበር። ልጁም ሮኬቱን ከሜዳው አንሥቶ፥ የተቃጠለውን ቀፎ አውጥቶ፥ ጊዜ ከተረፈ ሁለተኛ ተራውን ይጠይቅ ነበር።