የሙዚቃ ትምህርት፦ አኮርዲዮንና የቆየ ዜማ



አኮርዲዮን እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ ይሳባል፣ ይገፋል። አየሩ ቀጫጭን የብረት ምላሶችን ሲያርገበግብ ድምፅ ይወጣል።

ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ባኽ እ.ኤ.አ. በ1750 ሲሞት መሣሪያው ገና አልነበረም፤ አኮርዲዮን በሚል ስም ቪየና ላይ የተመዘገበው በ1829 ነው። ሆኖም ባኽ ለኦርጋን የደረሳቸው ሥራዎች ዛሬ በአኮርዲዮን ይደመጣሉ፤ ሁለቱም በአየር ስለሚሠሩ፣ አየር እስካለና ጣት ቁልፉን እስካልለቀቀ ድረስ ድምፁ አይቋረጥም።

የእኛው ኃይሉ መርጊያም በ1985 አሜሪካ ሳለ የአገሩን ዜማዎች በአኮርዲዮን ተጫውቶ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት አውጥቷል። እንግዲህ የሚያውቀው ሰው ካለ፣ መሣሪያው ቢለወጥም ዜማው አይጠፋም።

መልመጃ፦ አኮርዲዮን ስለሌለን በድምፃችን እንለማመድ። ከታላላቆቻችሁ አንድ የቆየ ዜማ ተማሩ። ስታዜሙ የት ላይ እንደምትተነፍሱ ልብ በሉ፤ ጥሩ ተጫዋችም ወናፉን የሚመልሰው እዚያው ላይ ነው።